ምራትሽ ሥራ አገኘች

ውድ እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ከረመ? የላክኩት ቅባት እንደደረሰሽ እህቴ ነግራኛለች። ማታ ማታ ሳትረሺ ተቀቢው፤ ለጎረቤት እያካፈልሽ እንዳትጨርሺው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም «ገንዘብህ ያልቅብሃል» እያልሽ ትቸኩያለሽ። ይህ ደግሞ ተቸኩሎ የሚወራ ነገር አይደለም።

ምራትሽ ሥራ አገኘች፤ አስተማሪ ሆነች። እዚህ ሜልቦርን፣ እኛ በምንኖርበት በፉትስክሬይ ሰፈር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሕፃናት ቬትናምኛ ታስተምራለች። ከዚህ ወር ጀምሮ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህር ረዳት ሆና ተቀጥራለች። ከቬትናም አዲስ የመጡ ልጆች ትምህርቱ እንዲገባቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ታግዛቸዋለች።

እልል እንደምትዪ አውቃለሁ። ከእልልታው በፊት ግን የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ።

እንደምታውቂው፣ ካን ቶ በምትባለው ከተማቸው፣ የሜኮንግ ወንዝ ወደ ባሕር ከመግባቱ በፊት በሚበታተንበት ለም ምድር፣ ሰባት ዓመት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል አስተምራለች። እዚህ በመጣች በመጀመሪያው ዓመት የምስክር ወረቀቷን አስተርጉማ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስትመላለስ ከረመች። በዚህ አገር መምህር ሆኖ ለመመዝገብ ከውጭ የመጣ ትምህርት መመዘን አለበት፤ ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍም ይጠይቃል። እሷ ደግሞ ያኔ ገና እንግሊዝኛ መማር መጀመሯ ነበር። አንድ ማታ ወረቀቶቿን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ሳገኛት፣ «ተይው፤ በዚህ አገር በቋንቋሽ እንጀራ አይበላም» አልኳት። ክፉ ልናገራት ብዬ አልነበረም፤ ድካሟን አይቼ ነው። አልመለሰችልኝም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰብስባ አቃፊው ውስጥ መለሰቻቸው፤ በማግሥቱ የጥፍር ማስዋቢያ ቤት ሥራ ልትጠይቅ ሄደች። አራት ዓመት ሙሉ የሰው እጅና እግር ስታሳምር፣ ማታ ማታ በኬሚካሉ ሽታ ራሷን ሲያማት ኖረች። ያ ቃሌ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ሥራው የመጣው ከገበያ ነው። አንድ ቀን ዓሣ ስትገዛ የልጅ ልጅሽን ጠራቻት፤ ልጅቷ ከሩቅ ሆና በእንግሊዝኛ «ምን?» አለች። እናቷ ግብይቱን ትታ ሄዳ ቁጢጥ አለችና «ያ» በይ አለቻት። በእነሱ በደቡቦቹ አነጋገር «ያ» ልክ እንደ እኛ «አቤት» ነው፤ ታላቅ ሲጠራ ልጅ የሚመልሰው። ሦስት ጊዜ አስደገመቻት፤ አልተቆጣቻትም። ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ያዩ አንዲት ሽማግሌ ሴት ጠጋ ብለው «አስተማሪ ነሽ አይደል?» አሏት። አራት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃትን ጥያቄ እኚህ የማታውቃቸው ሴት ጠየቋት። የልጅ ልጆቻቸው የሚማሩበት የቅዳሜ ትምህርት ቤት አንዷ መምህርት በወሊድ ምክንያት ስለቀረች ሰው ይፈልጉ ነበር።

መጀመሪያ በነፃ ነበር የምታገለግለው። እዚህ አገር ከልጆች ጋር ለመሥራት ያለፈ ታሪክሽ ተጣርቶ ካርድ ይሰጥሻል፤ ያለ ክፍያ ለሚያገለግሉ ካርዱ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ካርዱ በፖስታ ሲመጣ በሁለት እጇ ይዛ ለብዙ ጊዜ አየችው። ከአንድ ወሰነ ትምህርት በኋላ በሰዓት ይከፍሏት ጀመር። ብሩ ብዙ አይደለም፤ ግን የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ረዳት ሲፈልግ የተመሰከረላት በዚያው ሥራዋ ነው።

የማስተማሪያ ክፍሉ የራሳቸው አይደለም። የሌላ ትምህርት ቤት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል ይጠቀሙበታል። ስለዚህ መጻሕፍቱን፣ ካርዶቹን፣ ጠመኔውን ሁሉ ጎማ ባለው ሻንጣ እየጎተተች ትመጣለች፤ ስትጨርስ ወንበሮቹን ሰኞ የሚገባው መምህር በሚያውቃቸው ቦታ ትመልሳለች። የመጀመሪያው ቀን የልጅ ልጅሽ አልለቅህም ስላለችኝ እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። እማዬ፣ አብሬያት ስንት ዓመት ስኖር ያላየኋት ሰው ነበረች ሰሌዳው ፊት የቆመችው። ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ስትናገር ቃል እየፈለገች፣ አንገቷን እየደፋች ነው። እዚያ ግን ድምፅዋ ሙሉ ነው፤ ሃያ ሁለት ልጅ በዓይኗ ብቻ ትይዛለች።

ቋንቋቸው በቃና ይለያያል። «ማ» የሚለው ቃል በድምፅ አወጣጥ ብቻ እናት ይሆናል፣ ፈረስ ይሆናል፣ መቃብር ይሆናል፣ የሩዝ ችግኝ ይሆናል፣ «ግን» ይሆናል፣ የሙት መንፈስም ይሆናል። ስድስቱንም ልጆቹ በእጃቸው አየር ላይ እየሳሉ ያዜሙታል፤ ሲወርድ እጃቸው ይወርዳል፣ ሲሰበር ይሰበራል። ቅዳሴ ቤት ያለሁ መሰለኝ። ማታ እኔም በተራዬ አሳየኋት፦ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ደግሞ «ገና ነው» እንላለን፤ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። ተገርማ «ታዲያ ልጆቻችሁ በምን ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከእናታቸው አፍ ነው አልኳት። ይህን ካልኩ በኋላ ዝም አልኩ።

እሷ የደቡብ ሰው ስለሆነች ከስድስቱ ቃናዎች ሁለቱ በአፏ አንድ ናቸው፤ በጽሕፈት ግን ምልክታቸው ይለያያል። ልጆቹ እያማረሩ «ድምፁ አንድ ከሆነ ለምን ይለያል?» ይሏታል። እኔም ሀ፣ ሐ እና ኀን ስማር አንቺን ይህንኑ ጠይቄሽ ነበር። አንቺ ያኔ «የቃሉ ዘር እንዳይጠፋ ነው» አልሽኝ። መልሱን ነገርኳት፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልጆቹ ነገረቻቸው።

ከሁሉ በላይ የምትደክምበት ግን ፊደሉ አይደለም፤ አጠራሩ ነው። በቬትናምኛ ሰውን በደፈናው «አንተ» ብሎ መጥራት የለም። ተናጋሪው ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ፣ ማን አክስት፣ ማን አጎት እንደሆነ አውቆ በዚያው ስም ይጠራል፤ ራሱንም የሚጠራው «ልጅ» ወይም «ታናሽ» ብሎ ነው። እሷን ተማሪዎቿ «ኮ» ይሏታል፤ መምህርት ማለት ነው፣ የአባት እህት ማለትም ነው። በእንግሊዝኛ ያደጉት ልጆች አያታቸውንም ጓደኛቸውንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ጎንበስ ብለው ሰላምታ መስጠትን ከእሷ ነው የሚማሩት። እትዬና ጋሼ ስንል ያደግን እኛ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ እናውቃለን።

ትምህርቱ ሲያልቅ አያቶች በር ላይ ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ ሳይጎን ከወደቀች በኋላ በጀልባ ባሕር አቋርጠው የወጡ ናቸው። ዓመቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ 1967 ዓ.ም. ነው፣ እኛ ዘንድ ደርግ ሥልጣን የያዘበት ዓመት። እነሱ በባሕር፣ የእኛ ሰዎች በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ አንድ መንገድ ላይ ተገናኙ፤ የእንጀራ ቤቱና የሩዝ መረቁ ቤት ግድግዳቸው አንድ ነው። በአውሮፓውያኑ 2021 በተደረገው ቆጠራ በአውስትራሊያ ከ320 ሺህ በላይ ሰው ቤቱ ውስጥ ቬትናምኛ እንደሚናገር ተመዝግቧል። ይህን ያህል ሰው እያለም እነዚያ አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚያወሩበት ቋንቋ እያጡ ነው። አንዲት አያት ትንሽ ልጅ «ኮ ዛሬ አመሰገነችኝ» ብሎ በቬትናምኛ ሲነግራቸው ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ አየሁ።

አንድ ቀን ደግሞ ፊደላችን የራሳችን ነው ብዬ ስኮራባት፣ የእነሱ የላቲን ጽሕፈት በ17ኛው መቶ ዘመን ሚስዮናውያን ያሰናዱት እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት ከቻይና በመጣና በእሱ አምሳያ በሠሩት ጽሕፈት ነበር የሚጽፉት። የቅድመ አያቷ መቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ማንበብ አትችልም። «ስሙ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለእኔ ሥዕል ነው» አለችኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ እንቅልፌን የሚነሳኝ ነገር አለ።

እማዬ፣ ባለፈው ፋሲካ ስትደውዪ ልጅቷን ጠርተሻት ነበር። ስልኩን ይዛ ዝም አለች፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ። አንቺ «ግድ የለም፣ ትንሽ ናት» አልሽ። ድምፅሽን ሰማሁት። እኔና ምራትሽ የምንግባባው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቤታችን የማንኛችንም ባልሆነ ቋንቋ ነው የሚውለው። እሷ የራሷን ድርሻ ለማዳን ሻንጣ ስትጎትት እኔ የእኔን ድርሻ ጥዬዋለሁ። «በቋንቋሽ እንጀራ አይበላም» ያልኩት ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ለራሴም ነበር፤ ከዚያም አልፎ በአንቺ ላይ ፈርጄበታለሁ። ልጄ ስጠራት «ያ» ትላለች፤ ደስ ይለኛል። «አቤት» ስትል ግን ሰምቼ አላውቅም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

በ1971 ዓ.ም. ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትሄጂ አሥራ ስምንት ዓመትሽ እንደነበር ደጋግመሽ ነግረሽኛል። ሞፈር ሲጨብጡ የኖሩ እጆችን እርሳስ ያስያዝሽው በኩራዝ ብርሃን ነበር። አንድ አዛውንት ስማቸውን ጽፈው ወረቀቱን አጥፈው ኮፍያቸው ውስጥ እንደከተቱት ስትነግሪኝ ሁልጊዜ ድምፅሽ ይለወጣል። ስለዚህ «አርጅቻለሁ፣ አልችልም» እንዳትዪኝ። ደግሞ ማንም አስተማሪ ቢኖር፣ ለዚህች ልጅ የአማርኛው መጥበቅና መላላት ከአንቺ አፍ ቢመጣላት ነው የምወድደው።

የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳዋ ላይ ሰቅያለሁ። ቅዳሜ ከእናቷ ክፍል መጥታ ምሳ ከበላች በኋላ፣ እዚህ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ደሴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰሽ ቡና ሳታፈዪ፣ እህቴ ስልኩን ታስተካክልልሽ። የምደውለው እኔ ነኝ፤ ስለ ገንዘቡ አታስቢ። ምራትሽም አብራ ትማራለች፤ ራሷ ናት የጠየቀችኝ።

አንድ ፊደል ብቻ በይና ዝም ብለሽ ጠብቂያት። በእንግሊዝኛ ብትመልስልሽ ግድ የለም አትበያት። ስትጠሪያት «አቤት» ካላለች ደግመሽ ጥሪያት።

ልጅሽ