ለክረምቱ ምን እናንብብላቸው?

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ ከውጤት ካርዱ ጋር የሰጠናችሁ ዝናቡ ልጆችን ቤት የሚያውልበት ጊዜ ስለደረሰ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ «ምን መጽሐፍ እንግዛላቸው?» ትሉኛላችሁ። ዘንድሮ በጽሑፍ ልመልስ።

ከትንንሾቹ ልጀምር። የሥዕል መጽሐፍ ስትመርጡ ጽሑፉን በመዳፋችሁ ሸፍኑና ሥዕሉን ብቻ ለልጁ አሳዩት። ከሥዕሉ ተነሥቶ ታሪኩን መናገር ከቻለ ግዙት፤ ካልቻለ ሥዕሉ ማስጌጫ ነውና ገንዘባችሁን አታውጡበት። መጋቢት ላይ አንዲት የ1ኛ ክፍል ተማሪ በቤተ መጻሕፍታችን ስለ ገበያ ቀን የሚተርክ መጽሐፍ ይዛ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥሁ። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ እናትየዋና ስለ ዘንቢሏ ነው። ልጅቷ ግን ጣቷን ገጹ ጥግ ላይ አሳርፋ «ድመቷ እዚህም አለች፤ እየተከተለቻቸው ነው» አለችኝ። ወደ ኋላ ገለጥሁ። እውነትም ድመቷ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ከዘንቢሉ ኋላ ኋላ ትላለች፤ ስለ እሷ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ልጅቷ ገና ፊደል እየለየች ነው፤ መጽሐፉን ግን አንብባዋለች።

ስለዚህ ፊደል ያልቆጠሩ አያትም ለልጅ ልጃቸው መጽሐፍ መግለጥ ይችላሉ። «ተረት ተረት» ይበሉ፣ «የላም በረት» ይባሉ፣ ከዚያ ሥዕሉን እያዩ በራሳቸው ቃል ይንገሩት። የቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራጊኛ ከሆነ በዚያው ይሁን።

ከ3ኛ ክፍል በላይ ላሉት ግጥም እመርጣለሁ። ግጥም በዓይን ብቻ ሲነበብ ግማሹ ይቀራል፤ ድምፅ ይፈልጋል። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ብዙዎቻችሁ በልጅነታችሁ በቃላችሁ ወጥታችሁታል። አሁን ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸውና ቤት መምቻው ቃል ላይ ስትደርሱ ዝም በሉ። ልጁ ራሱ ይሞላዋል። ባይገጥምለት እንኳ የሚያመጣው ቃል ያስገርማችኋል። ያረጁ ቃላት ሲያጋጥሙት ይጠይቃችሁ፤ እናንተም ካላወቃችሁት አብራችሁ መዝገበ ቃላት ግለጡ።

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች ልብ ወለድ ጊዜው ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውፍረቱ እንደሚያስፈራቸው አውቃለሁ። እኔ የምመክረው በጆሮ እንዲጀምሩት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዛሬም በኢንተርኔት ይገኛል። የበዛብህን ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ታሪክ መጽሐፉን ዘርግተው እየተከተሉ ያዳምጡ። ከዚያ በኋላ ገጹን ራሳቸው ይገልጡታል። አንዳንዱ ነገር ለዕድሜያቸው ከበድ ይላልና አብራችኋቸው ብትሆኑ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ንባቡን ፈተና አታድርጉባቸው። አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሚወደውን መጽሐፍ ከቦርሳው ሥር ደብቆ እንደሚሄድ አስተማሪው ነገረችኝ። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። «ቤት ከወሰድኩት ምን ተማርክበት እባላለሁ» አለኝ። አባቱ ለልጁ የሚጨነቅ፣ ስብሰባ የማይቀር ሰው ነው፤ ክፋት አስቦ አይደለም። ነገር ግን ልጁ መጽሐፉን መደበቅ ጀምሯል፤ ይህ ከልብ አሳዝኖኛል። እባካችሁ ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት አብራችሁ አንብቡና ዝም ብላችሁ ተኙ። ጥያቄው ከእነሱ ይምጣ።

የመጽሐፍ ዋጋ መናሩን አላጣሁትም። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል አለው፤ ከትምህርት ቤታችን በእግር የሚደረስበት ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድም ትዕግሥት ላለው ሰው ጥሩ ነገር አይጠፋም። የእኛም ቤተ መጻሕፍት ክረምቱን ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ከፒያሳ ተነሥታችሁ ራቅ ወዳለ ሰፈር የተዛወራችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ እንዳይመላለሱ በአንድ ጊዜ አራት አራት መጽሐፍ እናውሳቸዋለን።

የተዋሱትን ነሐሴ መጨረሻ ይመልሱልን። ሻይ ቢፈስበትም፣ ገጹ ቢቀደድም ይዘውት ይምጡ፤ ማንም አይቆጣቸውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር