«ይሰማል» ሲጠብቅና ሲላላ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በስልክ የሚደመጡ የአማርኛ ልብ ወለዶች እየበረከቱ መምጣታቸው ያስደስተኛል። ታክሲ ተራ ቆሞ፣ እንጀራ እየጋገሩ ወይም ሌሊት ጥበቃ ላይ ሆኖ መጽሐፍ ማድመጥ ተችሏል። በቅርቡ የሰማኋቸውን ትረካዎች መጽሐፎቹን ገልጬ ሳስተያይ ግን በብዙዎቹ ያገኘሁት ጉድለት አንድ ዓይነት ነው። ድምፁ ያማረ፣ ቀረጻውም የጠራ ሆኖ ንባቡ ይስታል። ምክንያቱ ደግሞ ተራኪው ጽሑፉን ሳያሰናዳ ወደ ማይክሮፎን መቅረቡ ነው።

ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። «ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው ያዳምጣል ማለት ነው፤ «ሰ» እና «ማ» ሲጠብቁ ግን ድምፁ ለሌላው ይደርሳል ማለት ይሆናል። «ይመታል» ሲላላ መቺውን፣ ሲጠብቅ ተመቺውን ያመለክታል። «ገና» ላልቶ ያልደረሰ ጊዜ፣ ጠብቆ በዓል ነው። ከሁሉም የሚብሰው «አለ» ነው፤ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ሲሆን ከልብ ወለድ ገጽ ጠፍቶ አያውቅም። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ቢስት እንኳ ሁለት ቃል አልፎ ሳይታወቀው ያርመዋል። አድማጭ ግን የሚይዘው ተራኪው የሰጠውን ነው፤ ስሕተቱ ሲገባው ታሪኩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ሄዷል።

መፍትሔው አንድ እርሳስ ነው። መጀመሪያ መጽሐፉን ምንም ሳይጽፉ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፤ በሁለተኛው ንባብ አሻሚ በሆኑት ቃላት ብቻ የሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ ማድረግ። ሁሉንም ቃል ነጥብ ማልበስ አያስፈልግም፤ ገጹ ይጨናነቅና ዓይን ይደክማል።

በዚያው ንባብ የተናጋሪዎቹ ስም የመጀመሪያ ፊደል በኅዳጉ ላይ ይጻፍ። በአማርኛ ተናጋሪውን የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነውና። «ና ወዲህ!» የሚለውን ተራኪው ጮኾ ያነበዋል፤ ቀጥሎ «ስትል በሹክሹክታ ጠራችው» ሲመጣ ወንድ የመሰለው ተናጋሪ ሴት፣ ጩኸቱም ሹክሹክታ ሆኖ ይገኛል። እንደ «በሹክሹክታ»፣ «እየሳቀ»፣ «በንዴት» ያሉትን ቃላት አስቀድሞ ማክበብ ይህን ያስቀራል።

ሌላው ችግር ግሣችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ተነሥቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በሩን ከፍቶ፣ ግቢውን ቃኝቶ ተመለሰ» የሚለውን የሚተርክ ሰው በየቦዝ አንቀጹ (እንደ «ተነሥቶ» ባለው ማሰሪያ ባልሆነ ግሥ) ድምፁን ከጣለ አድማጩ አራት ጊዜ አራት ነጥብ ይሰማል። ድምፅ የሚወድቀው «ተመለሰ» ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት እንደተንጠለጠሉ መቆየት አለባቸው። ለዚህም ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በአጭር ሰያፍ መስመር ማመልከት ያስፈልጋል። ሳያመለክቱ ከገቡበት ትንፋሽ የሚያልቀው ግሡ ላይ ሲደርሱ ነው።

ስለ አማርኛ ትረካ ሲነሣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» መጥቀስ ተለምዷል፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ብዙዎች ከእሱ የሚቀዱት የድምፁን መርገብገብ ነው፤ ሊቀዳ የሚገባው ግን ንባቡን እንደ ሰዉና እንደ ቦታው መለዋወጡ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ለተራኪ ከባድ ፈተና ነው። ከማንኩሳ ገበሬ ቤት ተነሥቶ ወደ ቆሎ ተማሪው ዓለምና ወደ ባላባቱ ቤት ይዘልቃል። የባላባቱ የፊታውራሪ መሸሻ ትእዛዝና የተማሪው የበዛብህ ትሕትና በአንድ ፍጥነት አይነበቡም። ግእዝ ሲገባ ደግሞ ንባቡ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ተብሎ ይለያልና በአማርኛ ዜማ ጎትቶ ማለፍ አይቻልም። ተራኪው ቤተ ክህነት ካልተማረ የግእዙን መሥመሮች ለብቻ ጽፎ ለአንድ ቅኔ አዋቂ አስነብቦ፣ ያንን ቀርጾ ደጋግሞ መስማት አለበት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የዚሁ መጽሐፍ ገጸ ባሕርይ የሆነውን ጉዱ ካሣን በተመለከተ ጠንካራ አስተያየት አለኝ። ሰዎች እብድ ስላሉት ብቻ በእብድ ድምፅ የሚተርኩት ሰዎች መጽሐፉን ያበላሻሉ። በዙሪያው ያለውን ሥርዓት አጥርቶ የሚያየው እሱ ነው፤ ንግግሩ በረጋ፣ በሚመዝን ድምፅ ሲቀርብ የሰሚዎቹ ሳቅ ትርጉም ያገኛል። አሥቂኝ ሆኖ ከቀረበ ግን አድማጩም ከሳቂዎቹ ጋር ይደመራል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የሚፈልገው ሌላ እጅ ነው። ተራኪው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ራሱ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ሰዎች ሁሉ የሚደርሱን በእሱ ጆሮ በኩል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የቴአትር ድምፅ ማውጣት አያስፈልግም፤ ፍጥነትንና የድምፅን ቁመት (ቅጥነትና ውፍረት) በጥቂቱ መለወጥ ይበቃል። ታሪኩ አስመራ ሲደርስ የሚያስቸግሩት ስሞቹ ናቸው። ትግርኛ «ሐ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐ»ን ከ«አ» በድምፅ ይለያል፤ አማርኛ ግን ልዩነቱን ያቆየው በጽሕፈት ብቻ ነው። የሰዎችንና የቦታዎችን ስም ዘርዝሮ ከትግርኛ ተናጋሪ ጋር መለማመድ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን አንድ ስም ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት አነጋገር መጠራት አለበት።

አኅጽሮተ ቃላት ተዘርዝረው ይነበቡ፤ «ወ/ሮ» ወይዘሮ፣ «መ/ቤት» መሥሪያ ቤት ነው። ዓመተ ምሕረትም አንድ ቦታ «ሺህ ዘጠኝ መቶ»፣ ሌላ ቦታ «አሥራ ዘጠኝ መቶ» መባል የለበትም።

ቀረጻውን በሚመለከት፣ ውድ ስቱዲዮ ግዴታ አይደለም። በልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን ያለበት ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ፣ ከአፍ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ በጥቂቱ ወደ ጎን የዞረ ማይክሮፎን ይበቃል። ወደ ጎን የሚዞረው «ፐ» እና «ፈ» የሚለቁት ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ነው። ከፍተኛው ድምፅ ከ-3 ዴሲቤል (በመቅረጫው መለኪያ ጣሪያው 0 ነው) እንዳያልፍ፣ ሰው ዝም ሲል የክፍሉ ጫጫታ ከ-60 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ማድረግ የተለመደ መለኪያ ነው። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ አይሞከር፤ የዝናቡን ድምፅ በኋላ በሶፍትዌር ለማጥፋት ሲሞከር የተራኪው «ሰ» እና «ሸ» አብረው ይቆረጣሉ። ሲሳሳቱ ከቃሉ መሐል ከመቀጠል ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ መድገም ይሻላል፤ አለዚያ የቁርጡ ቦታ በድምፅ ቁመት ልዩነት ይታወቃል። የተጠናቀቀ 1 ሰዓት ለማግኘት 2 ወይም 3 ሰዓት መቅረጽ ያስፈልጋል፤ ከዚያም ሌላ ሰው መጽሐፉን ይዞ ሙሉውን ያድምጥ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ሲቀር ነው የተዘለሉ አንቀጾች ወደ አድማጭ የሚደርሱት። በትረካው ሥር ከዳር እስከ ዳር ዋሽንት ማስገባትንም እቃወማለሁ፤ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ መሻገሪያ ላይ ያምራል፣ ከንግግር ሥር ግን የሚጠብቀውን ፊደል ይሸፍናል።

የፋይሉ መጠንም ለአድማጭ ኪስ ቁም ነገር ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚተርክበት ሥራ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት ቢቀርብ አንድ ሰዓቱ ወደ 29 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ በ192 ኪሎ ቢት 86 ይደርሳል። የ20 ሰዓት መጽሐፍ በመጀመሪያው ከ580 ሜጋ ባይት በታች፣ በሁለተኛው 1.7 ጊጋ ባይት ነው። ለማኅደር 192ቱን ማስቀመጥ፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርደው ደግሞ 64ቱን መስጠት ይቻላል።

የደራሲ መብትም እንዳይዘነጋ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መጽሐፉ አሮጌ መሆኑ ለመተረክ ፈቃድ አይሆንም።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምለምነው አዲስ ልብ ወለድ ሲወጣ እንደምታደርጉት ትረካ ሲወጣም ሐያሲ እንድትመድቡለት ነው። የተራኪው ስም፣ የተነበበው ኅትመት ዓመትና የትረካው ርዝመት በሰዓት ይጻፍ። ሙሉ ንባብ ይሁን አጥሮ የቀረበ ደግሞ በመጀመሪያው መሥመር ይገለጽ፤ ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች ተራኪው የዘለለውን ገጽ የሚያመሳክሩበት የታተመ መጽሐፍ በእጃቸው የለም።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢና አድማጭ፣ ከአዲስ አበባ