እናትሽ «ከኒንግ» አይደለችም

ልጄ፣ ሰላም ነሽ? እኛ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ደህና ነን። ለስኮላርሺፑ የጻፍሽውን ማታ በስልኬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ይላል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ «እናቴ ከኒንግ (cunning) ሴት ናት» ያልሽው። ብልህ ለማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ዛሬ ፈረንጅ ሲያነበው ግን የሚታየው ሰው አታልላ የፈለገችውን የምታገኝ ብልጣ ብልጥ ናት። እነሱ በዚህ ቃል የሚጠሩት ቀበሮን ነው፤ እኛ በተረት ብልጧ ጦጣ እንደምንለው።

ድሮ ግን ቃሉ እንዲህ አልነበረም። መቻል ከሚባለው ከእንግሊዝኛው «ካን» (can) ጋር ዘመድ ነው፤ መነሻው ማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዳዊትን ራሱን በበገና ከኒንግ ነው ይለዋል። እኛ «ቀኜ ትርሳኝ» በምንለው መዝሙርም የእነሱ፣ ቀኝ እጄ ከኒንጓን ትርሳ ይላል፤ ሙያዋን ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ መድኃኒት የሚቀምሙ፣ አስማት የሚፈቱ፣ የጠፋ ዕቃ የሚያፈላልጉ ሰዎች «ከኒንግ ማን»፣ «ከኒንግ ውመን» ይባሉ ነበር። እስቲ የእኛን «አዋቂ» አስቢው! አዋቂ ሰው ሲባል ክብር ነው፤ «አዋቂ ቤት ሄደች» ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው። እነሱም እኛም ዕውቀትንና ጥንቆላን በአንድ ቃል መጥራታችን በጣም ገረመኝ።

ታዲያ እናትሽን ምን ትበያት? «ስማርት» አይጎዳም። «ክሌቨር»ም ያስኬዳል፤ እንግሊዞች ግን አንዳንዴ ለሽሙጥ ይጠቀሙበታል። እኔ «ሪሶርስፉል» በያት ባይ ነኝ። ቀን መብራት እየጠፋ ሲያስቸግራት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታ ጋግራ፣ ሲነጋ እንጀራውን ተሸክማ በየብሎኩ ደረጃ እየወጣች እያደረሰች ነው ያስተማረችሽ። ይህ ዘዴኛነት ነው፤ ባለው ነገር መላ መፍጠር። ማታለል የሚባል ነገር የለበትም። ቃሏን ብቻ ጽፈሽ ግን አትለፊ፤ የሌሊቱን ምጣድ፣ ደረጃውን ጻፊላት።

ጠዋት «ስለ እኔ ምን ብላ ጻፈች?» አለችኝ። ዘዴኛ ብላሻለች አልኳት። ምንም አልመለሰችም፤ እንጀራውን ስትደራርብ ግን ፊቷ በርቶ ነበር። ብያታለሁና ሳትልኪው አርሚው።

አባትሽ