አሮጌ ፕላን በአንድ ክሊክ ሬቪት አይሆንም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ ውስጥ የሕንፃ ንድፍ ነው የምሠራው። አውቶካድ ፕላን በመስመር የሚሳልበት፣ ሬቪት ደግሞ ሕንፃው ራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚገነባበት ፕሮግራም ነው። ሰሞኑን ደንበኛ በፍላሽ አሮጌ የአውቶካድ ፋይል ይዞ ይመጣና «ይቺን ወደ ሬቪት ገልብጥልኝ፣ ነገ እወስዳታለሁ» ይለኛል። ግልበጣ አይደለም እኮ! አውቶካድ ላይ ግድግዳ ማለት ሁለት መስመር ነው። ሬቪት ላይ ግን ውፍረት፣ ቁመት፣ ብሎኬትና ልስን አለው። ፋይሉ ሲገባ መስመሩ ነው የሚገባው፤ ግድግዳውን በላዩ ላይ እንደ አዲስ መሥራት የግድ ነው።

በቅርቡ አንድ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ደረሰኝ። ፋይሉን ሳስገባው ስክሪኑ ባዶ። የተሳለው በሜትር፣ የገባው በሚሊ ሜትር፤ 12 ሜትሩ ቤት 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቁጭ ብሏል። እሱን አስተካከልኩ። ሳይት ፕላኑ (ቤቱ ያረፈበት ቦታ ስዕል) ደግሞ በዩቲኤም ኮርዲኔት፣ ማለትም ቦታን ከምድር ወገብ ባለው ርቀት በሜትር በሚቆጥረው የካርታ አሠራር ነው የተሳለው፤ ጅማ በዩቲኤም ከምድር ወገብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ሬቪት ደግሞ ሥራው ከመነሻ ነጥቡ 16 ኪሎ ሜትር ሳይርቅ እንዲሠራ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ስዕሉን መጀመሪያ እዚያው አውቶካድ ላይ ወደ ዜሮ ማምጣት ነበረብኝ። የክፍሎቹ ስምም ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ስለነበር «መኝታ ቤት» የሚለው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ።

ይሄ ሁሉ ግን ያልፋል። ያስደነገጠኝ ሳሎኑ ነው። ፕላኑ 4.20 ሜትር ይላል። መስመሩን ስለካው 4.05! የሳለው ሰው መስመሩን ሳይነካ ቁጥሩን ብቻ በእጁ ቀይሮታል። ወረቀት ላይ ይሄን ማንም አያየውም። ቤቱን ገብቼ እንድለካ ሁለት ቀን እንዲሰጠኝ ባለቤቱን ስጠይቀው መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ግን ራሱ የሜትሩን ጫፍ ይዞልኝ ዋለ። ሳሎኑ 4.12 ሆኖ ተገኘ። ፕላኑን አምኜ ብሠራ ኖሮ በዚያ ልክ የሚገጠመው በርና መስኮት ሁሉ ይሳሳት ነበር።

አዲስ ለተመረቃችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ፋይሉን ሬቪት ውስጥ ኤክስፕሎድ አታድርጉ፣ ማለትም አትበታትኑት። ሺህ ቁርጥራጭ መስመርና የማታውቁት የጽሑፍ ስታይል ሁሉ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ይቀራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። አውቶካድ ላይ በኦዲትና በፐርጅ (ስህተት በሚያርመውና ትርፉን በሚያጠፋው ትዕዛዝ) አጽዱት፣ የማይፈለገውን ሌየር (የስዕል ንብርብር) አውጡ፣ ከዚያ ኢምፖርት አድርጋችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ ከመክተት ሊንክ አድርጉት፣ ማለትም ከውጭ ብቻ አገናኙት፤ ሥራው ሲያልቅ በቀላሉ ታነሱታላችሁ።

የቤትና የሕንፃ ባለቤቶች ደግሞ ፒዲኤፉን ብቻ አትስጡን፣ ዋናውን የአውቶካድ ፋይል ፈልጋችሁ አምጡልን። መቼ እንደተሳለና ከዚያ ወዲህ ምን እንደፈረሰ፣ ምን እንደተጨመረ ንገሩን፤ ገብተን የምንለካበትም ሁለት ቀን ስጡን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጅማ