ጦሩ ወጣም ቀረ ሠርጉ አይቆይ

ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለውድና ለተከበሩ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታዬን በማሳጠሬ ቅር አይሰኙብኝ፤ ይህን ደብዳቤና የደም ግፊት መድኃኒትዎን የሚያደርስልኝ ሰው ለገና ወደ አገር ቤት ሊገባ ነገ ማታ ስለሚበር በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። እናቴ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ለጥር 18 ተቆርጦ የነበረውን የእህቴን ሠርግ «ልጄ ማሙሽ ከዘመተበት ከሶማሊያዋ ባይደዋ ሳይመለስ በደጄ ዳስ አይጣልም» ብለው አንስተውታል፤ የወንዱን ወገን ሽማግሌዎችም «ጦሩ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ጠቅልሎ ሊወጣ ነው፣ ሬዲዮኑ ተናግሯል» ብለው መልሰዋቸዋል። ለእኔም «እዚያ ነገሩን ቀድማ ትሰማለችና እውነቱን ትጻፍልኝ» ማለትዎ ደርሶኛል። ከመስቀል ወዲህ በስልክ ሊያነጋግሩኝ ፈቃደኛ ሳይሆኑ ከርመው የላኩብኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ስለሆነ፣ የማውቀውን ሳልሸሽግ እጽፍልዎታለሁ።

ሬዲዮኑ አልዋሸም። አምና ታኅሣሥ 22 መንግሥታችን ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረም ሶማሌላንድን ግዛቴ ናት የምትለው ሞቃዲሾ ክፉኛ ተቆጣች፤ የአፍሪካ ኅብረት የሽግግር ተልዕኮ በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ሲያበቃ የኢትዮጵያ ወታደር በሙሉ ከአገሬ ይውጣ አለች፤ ግብፅም በቦታው ጦር ለመላክ ዝግጁ ነኝ ብላ ብቅ አለች። እርስዎ የሰሙት ይህን ነው። ነገር ግን በያዝነው ወር በሁለተኛው ቀን የሁለቱ አገሮች መሪዎች አንካራ ላይ በቱርክ ሽምግልና ተስማምተዋል፤ በመግለጫቸውም ሶማሊያ በኅብረቱ ተልዕኮ ውስጥ የኢትዮጵያ ወታደሮች ለከፈሉት መሥዋዕትነት ዕውቅና ሰጥታለች። ጦሩ በዚህ ቀን ይወጣል የሚል ቃል ግን እዚያ ውስጥ የለም። ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ጀምሮ ሌላ ተልዕኮ አሮጌውን ሊተካ ነው፤ ጦራችን በዚያ ስለሚኖረው ድርሻ ገና ንግግር ላይ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ወር መጨረሻ ማሙሽ ሻንጣውን ይዞ መሐል ሜዳ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል ብለው አይጠብቁ።

ጦሩ መውጣት አለበት ወይስ የለበትም ለሚለው ጥያቄዎ፣ ከእኔ ይልቅ ባይደዋ ራሷ ትመልስልዎ። ጦራችን ሶማሊያ የገባው ታኅሣሥ 1999 ነበር፤ ጥር 2001 ላይ በቃኝ ብሎ ጠቅልሎ ሲወጣ አልሸባብ ባይደዋን የያዛት የመጨረሻው ወታደር በወጣ ማግስት ነው። የካቲት 2004 ደግሞ ጦራችን ያችኑ ከተማ እንደገና ተዋግቶ ያዛት፤ ከጥር 2006 ወዲህም በአፍሪካ ኅብረት ሥር ሆኖ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ጥቅምት 2009 ላይ ከሃልገንና ከቲየግሎው የጦር ሰፈሮች ሲለቅም እንዲሁ ሆነ፤ ሃልገን እኮ ሰኔ 2008 ላይ የእኛ ልጆች በሌሊት የመጣባቸውን ጥቃት የመከቱባት ሰፈር ናት። «ከድንበር ማዶ ካልያዝናቸው ቤታችን ይመጣሉ» የሚሉትም ሐሰት አልተናገሩም፤ ሐምሌ 2014 ላይ የአልሸባብ ታጣቂዎች በሶማሌ ክልል በኩል ጥሰው ገብተው ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ ይህ ሁሉ ምክንያት እውነት ሆኖ ሳለ ማብቂያ የሌለው መሆኑ ነው፤ በዚህ ስሌት የማሙሽ ልጅም አድጎ ባይደዋን ሊጠብቅ ነው።

አረጋውያንን በምንጦርበት ቤት አብሮኝ በሌሊት ተራ የሚሠራ አንድ የአፍጋኒስታን ሰው አለ። ካንዳሃር ውስጥ ለአሜሪካ ጦር አስተርጓሚ ነበረ። አንድ መኮንን የጻፈለትን የምስክርነት ወረቀት እስከ ዛሬ በላስቲክ ሸፍኖ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ይዞራል፤ ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት በእጥፋቱ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተያይዟል፤ ፊርማው ግን ይነበባል። እሱና ሚስቱ በዚያ ወረቀት አውሮፕላን ላይ ሲወጡ ታናሽ ወንድሙ ወረቀት ስላልነበረው ቀረ። አሜሪካኖቹ በ1994 የገቡበትን ጦርነት ለማብቃት የካቲት 2012 ላይ ዶሃ ከታሊባን ጋር ሲፈራረሙ፣ ሲያግዙት የኖሩትን የአፍጋኒስታን መንግሥት ከጠረጴዛው አላስቀመጡትም። በ2013 የሰኔ ወር መጨረሻ ላይ ከባግራም፣ ከትልቁ የጦር ሰፈራቸው፣ ለአፍጋኑ አዛዥ ሳይነግሩ በሌሊት ወጡ፤ ነሐሴ 9 ካቡል ወደቀች፤ ነሐሴ 20 በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ በፈነዳ ቦምብ 13 የአሜሪካ ወታደሮችና 170 ያህል አፍጋኖች ሞቱ። አንድ ሌሊት ሻይ ስንጠጣ መውጣታቸው ይሻል ነበር ወይስ መቆየታቸው ብዬ ጠየቅሁት። «ሃያ ዓመት ሰው ቤት የተቀመጠ እንግዳ መሄዱ አይጠላም፤ ቁልፉን ለማን እንደሚያስረክብ ሳይናገር መሄዱ ነው የሚጠላው» አለኝ። የእኔም ሐሳብ ከዚህ አይርቅም፤ ጦራችን መውጣት አለበት እላለሁ፤ ግን ሁለት መንግሥታት ስለ ወደብ በተኳረፉ ጊዜ በቁጣ በተቆረጠ ቀን ሳይሆን፣ ባይደዋን የሚረከበው የሶማሊያ ጦር ደመወዙም ስንቁም ተረጋግጦለት፣ ከተማ በከተማ እያስረከበ።

አንድ ነገር ግን በዚህ አገር ሰዎች እቀናለሁ። አፍጋኒስታን ውስጥ የሞቱባቸው ከ2,400 በላይ ወታደሮች ተቆጥረዋል፤ የእነዚያ የ13ቱ ፎቶ ከነስማቸው በየጋዜጣው ወጥቶ አይቻለሁ። ሶማሊያ ውስጥ ስንት የእኛ ልጅ እንደወደቀ ግን በይፋ ተቆጥሮ ሲነገር ሰምተን አናውቅም፤ በየቀበሌው በመርዶ ብቻ ነው የምናውቀው። ማለዳ ውሻው ሲጮህ ተነሥተው በሩ ላይ እንደሚቆሙ፣ የመጣው ጎረቤት መሆኑን ሳያዩ እንደማይቀመጡ እናቴ ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም።

አሁን እንዳይቆጡኝ እየፈራሁ የምጽፈው አለ። ጦር መውጣትና ልጅ ቤት መግባት አንድ አይደሉም። ከባይደዋ የወጣ ሻለቃ ጦር ወዴት እንደሚመደብ የሚያውቀው አዛዡ ነው፤ አገር ቤቱም እንዲህ ሆኖ ሳለ ከዚያ ወጥቶ ወዴት ይላክ ይሆን የሚለው ከባይደዋው ይልቅ ያስፈራኛል። ስለ አካባቢያችንና ስለ መንገዱ በደብዳቤ አልጽፍም፤ እርስዎ ያውቁታል። ለመስቀል ስንነጋገር «ለምን ይመዝገብ ብለው ፈቀዱለት» ስልዎ «ወንድምሽን ለመክሰስ ከባሕር ማዶ አትደውዪ» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። ልከስ አልነበረም። የቤታችን ጓሳ ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ የለበሰው በእሱ የግዳጅ አበል መሆኑን፣ እኔ ገና የጉዞ ዕዳዬን ስከፍል ቤቱን የያዘው እሱ መሆኑን አልዘነጋሁም። እኔ እዚህ ሙቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጦሩ ይውጣ ማለት ይቀለኛል፤ ይህን የሚሉኝ አንዳንድ ወዳጆችም አሉ። ቢሆንም ወንድሜ ነውና አፌን አልይዝም።

እህቴን ግን በዚህ አያሥሯት። ጥር ካለፈ የነነዌ ጾምና ዐቢይ ጾም ተከታትለው ይገባሉ፤ ከፋሲካ በፊት ሠርግ አይኖርም፤ እስከዚያ ሙሽራው ሥራውን ትቶ አይጠብቅም፤ እሷም ለእርስዎ አክብራ ዝም ብትልም ሌሊት እንደምታለቅስ እናቴ ሰምታለች። የጠላውን ጌሾ ወቅጣ፣ የድግሱን በርበሬ አስፈጭታ ጨርሳለች። እኔ በዚያ ቤት ሆኜ እንጀራ ልጋግርላት፣ ጸጉሯን ልሠራላት ሲገባኝ በሐዋላ ብር ብቻ እልካለሁ፤ ይህም ያንገበግበኛል። የላክሁት ለዳሱ፣ ለሰንጋውና ለእሷ ልብስ ይበቃል ብዬ አስባለሁ፤ ከተረፈ ለሌላ ነገር ሳይሆን ለእርስዎ አንድ ጥሩ በርኖስ ይግዙበት፤ የታኅሣሥ ውርጭ ለጉልበትዎ አይሆንም። እባክዎ ደብዳቤው ከደረሰዎት በኋላ በሚመጣው እሑድ ሽማግሌዎቹን ያስጠሩና ጥር 18 እንደ ነበረው ይጽና።

መድኃኒቱ በየቀኑ ጠዋት አንድ ፍሬ ነው፤ ራስዎን ባመመዎት ቀን ብቻ የሚወሰድ አይደለምና እናቴ ትቆጣጠር። ሬዲዮኑን ከዜናው በኋላ ይዝጉትና ይተኙ። ማሙሽ ኔትወርክ አግኝቶ የደወለ እንደሆነ ደግሞ፣ ሠርጉ በእሱ ምክንያት ተነሥቶ እንደነበር አንዳችሁም እንዳትነግሩት።

ልጅዎ