ማሽን ከመንቀላችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

ከአዳማ መሀል ወደ ዳር ለመውጣት የተዘጋጃችሁ የዱቄትና የሳሙና ፋብሪካዎች ከክሬን ኪራይ በፊት መብራቱን አስቡ። የኃይል ጥያቄውን መሬት በተረከባችሁ ማግስት አስገቡ፤ ሼዱ አልቆ ትራንስፎርመር የሚጠብቅ ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ ጭነት ስታሰሉ ኪሎዋት ብቻ አትደምሩ፤ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ አምፔር ይስባል።

የማሽን ኮንክሪት መሠረት ጥንካሬ የሚለካው ከተሞላ በ28ኛው ቀን ነው። በሳምንቱ ወፍጮ ከጫናችሁበት ብሎኑ ይላላል፣ ሮለሩ ይዛነፋል፣ ቀጥሎ ኩሽኔታው ይበላል።

ስትነቅሉ እያንዳንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ለጥፉበት፣ ፓነሉንም ፎቶ አንሱት። አዲሱ ቦታ ላይ መጀመሪያ ቺንጋውን አውልቃችሁ ሞተሩን ለብቻው ለአፍታ አስነሱ። ከሦስቱ የኃይል መስመሮች (ፌዝ) ሁለቱ ከተቀያየሩ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ስንዴ ከገባ በኋላ ይህን ማወቅ ውድ ነው።

ውሃው ደግሞ ሁለት ጣጣ አለው። የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከበዛበት የቦይለር ቱቦ ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል፤ ነዳጅ ይጨምራል፣ ቱቦውም ይቃጠላል። እነዚህን ማዕድናት የሚያስወግድ የውሃ ማለስለሻ ሳይገጠም ቦይለር አይለኮስ። ለሠራተኛ መጠጥ የሚያሰጋው ግን በስምጥ ሸለቆ የተለመደው ፍሎራይድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ማፍላትም አይቀንሰውም። ናሙናውን ጉድጓዱ ተቆፍሮ እንዳለቀ አስመርምሩ።

የማታ ፈረቃ ያላችሁ የሰርቪስ ውል ከወዲሁ እሰሩ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከተማ ዳር ባጃጅ ተስፋ አይደረግም።