ከሥዕሉ ፊት ትንሽ ቆዩ

ውድ አባላት፣

ስለ ዘመናዊ ሥዕል ሲነሳ ብዙዎቻችሁ «እኔ አይገባኝም» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ ያልገባኝን ቶሎ አልፈው ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ግራጫ ሸራ ነው። በሰፈር በተከፈተ ትንሽ ኤግዚቢሽን ላይ ነው ያየሁት። ከሩቅ ባዶ ግድግዳ ይመስላል። ጠጋ ስል ግን ከግራጫው ሥር ቀይ ብቅ ይላል። አንዲት የብሩሽ ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቃ ቀርታለች። ሰዓሊዋ ስንቴ ቀብታ ስንቴ እንደፋቀችው በዓይኔ ታየኝ። በስልክ ያነሳሁት ፎቶ ላይ ይህ ሁሉ የለም።

የጋናዊውን ቀራጺ የኤል አናትሱይን ሥራዎችም የምወዳቸው ለዚህ ነው። የተጣሉ የጠርሙስ ክዳኖችን ጠፍጥፎ በመዳብ ሽቦ ያያይዛቸዋል። ራቅ ብሎ ላያቸው የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ይመስላሉ። ቀረብ ሲሉ ቆርቆሮ ናቸው። ቋሚ ቅርጽ ስለሌላቸው በተሰቀሉ ቁጥር እጥፋታቸው ይለያያል። በ2015 እ.ኤ.አ. በጣሊያን በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ ለዕድሜ ልክ ሥራው «የወርቅ አንበሳ» የተባለውን ሽልማት ተሸልሟል።

እባካችሁ በአቅራቢያችሁ የሚከፈቱትን ኤግዚቢሽኖች አትለፏቸው። የመክፈቻው ምሽት ሰው ይበዛበታል፤ በማግስቱ ብትሄዱ ይሻላል። መግለጫውን ከማንበባችሁ በፊት ሥዕሉን እዩት። ሰዓሊው ካለ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ከምትሉት «ከየት ጀመርከው?» በሉት። ወሬው የሚደምቀው ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ስንገናኝ እያንዳንዳችሁ ልባችሁን የነካ አንድ ሥራ ይዛችሁ ኑ። ምን እንዳያችሁበት ለመስማት ቸኩያለሁ።